ከወንበርሽ እንዳትነሺ

ልጁን ኳስ በዱላ በሚመታበት በሶፍትቦል ሊግ ውስጥ የሚያስገባ ቤተሰብ ሁሉ ስለ ጓንት ይነገረዋል። አዲስ ጓንት ደረቅ ስለሆነ ውስጡ ኳስ አስገብታችሁ፣ በገመድ ጠፍራችሁ፣ ፍራሽ ሥር አሳድሩት ይባላል። ኮፍያ አይረሳ፣ የፀሐይ ቅባት አይረሳ፣ ብርቱካን የምታመጡ ከሆነ ቤት ቆራርጣችሁ አምጡ፣ ነጭ ሱሪ የሚባል ነገር ለልጅ አትግዙ። ይህን ሁሉ ሳትጠይቁ ይነግሯችኋል። ዋናውን ነገር ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ዋናው ነገር በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ ከወንበር አለመነሳት ነው።

ሮይማታ ይህን ያወቀችው ከተነሳች በኋላ ነበር።

የሚያናድደው ደግሞ ሊጉ ውስጥ የገባችው ለመቀመጥ ብላ መሆኑ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መድኃኒት ቤት ቆማ የሰው ሳልና እከክ ስትሰማ ትውላለች። ባሏ ራዊሪ የአገሩን ሁለት ትልልቅ ደሴቶች በሚያገናኘው መርከብ ላይ ስለሚሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕር ላይ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ናይሪ ክረምቱን ሙሉ "ሶፍትቦል፣ ሶፍትቦል" እያለች ስትነዘንዛት ከርማ፣ ሮይማታ በመጨረሻ ነገሩን አገላብጣ አየችውና ወደደችው። ልጅ ትሮጣለች፤ እናት ትቀመጣለች። በማግስቱ ሄዳ ሰማያዊ ተጣጣፊ ወንበር ገዛች፤ ክንዱ ላይ የኩባያ ማስቀመጫ ያለው።

"ዝም ብለሽ አትቀመጪም ግን" አለች ናይሪ ወንበሩን ዞራ እያየች። "እኔ ስመታ ስሜን እየጠራሽ ትጮኺያለሽ። እንደ ሁያ።"

ሁያ ጎረቤታቸው ናት። እሷ ሜዳ ዳር ሆና ልጇን ስትጠራ ከኮረብታው ማዶ ያሉ ውሾች ይመልሱላታል።

"ከሁያ በላይ እጮኻለሁ።"

"ቃል?"

"ቃል። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ።"

ስብሰባው መስከረም ላይ ሜዳው አጠገብ ባለው የቆርቆሮ አዳራሽ ተጠራ። የደቡብ ነፋስ ጣሪያውን ያንቀጠቅጠዋል። ወላጆች ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተኮራምተው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት የሊጉ ሊቀመንበር አክስት ዊኪ አሉ። ሰባን ያለፉ፣ አጠር ያሉ፣ ሹራባቸው ላይ ሁልጊዜ የቂጣ ዱቄት የማይጠፋ ሴት ናቸው። ሸለቆው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ዘመዳቸው ሆነም አልሆነም፣ አክስቴ ይላቸዋል። ዓይናቸው ሮይማታ ላይ አረፈ፤ ፊታቸውም በደግነት ፈካ።

"የኔ ልጅ፣ አዲስ ነሽ አይደል? እስቲ ጓዳ ብቅ በይና ያ የሻይ ውሃ ፈልቶ እንደሆነ እይልኝ።"

በደንብ ያደገች ልጅ ታላቅ ሲያዝዛት አታንገራግርም። ሮይማታ ብድግ ብላ ሄደች። የውሃ ማፍያው አልፈላም። እንዴት ይፈላል? ሶኬቱ ላይ አልተሰካም። ሰካችው፣ እስኪሞቅ ጠበቀች፣ እግረ መንገዷንም ኩባያዎቹን አለቀለቀች። ከግድግዳው ማዶ ጭብጨባ ሰማች። ስትመለስ አዳራሹ ሙሉ ሰው ፈገግ ብሎ እንደ ሙሽራ ተቀበላት።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አለች ሁያ።

"በምኑ?"

"ዳኛ ሆነሻል።"

ሮይማታ ሳቀች። ከእሷ ጋር የሳቀ አልነበረም።

"እኔ? ሕጉን መቼ አውቄው!"

"ያለፈው ዓመት ዳኛም አያውቀውም ነበር" አሉ አክስት ዊኪ። "ሳምባው ግን ደህና ነበር።"

"አልተስማማሁም እኮ፣ አክስቴ።"

"አልተቃወምሽም እኮ፣ ልጄ። የሚቃወም እጁን ያውጣ ብዬ ጠይቄያለሁ። የአንቺን እጅ አላየሁም።"

"ጓዳ ነበርኩ! እርስዎ ልከውኝ!"

"እሱማ እውነት ነው" አሉ አክስት ዊኪ፣ ወደሚቀጥለው ጉዳይ እየተሻገሩ።

ሁያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። "ማፍያው አልተሰካም ነበር፣ አይደል? እኔን 'መኪናሽ መንገድ ዘግቷል' ብለው አስወጡኝና ነጥብ መዝጋቢ አደረጉኝ። መኪና አልነበረኝም እኮ! ለማየት ወጣሁ።"

ሸለቆው ውስጥ የሥራ ድልድል የሚካሄደው እንዲህ ነው። ፊት ለፊት የተጠየቀ ሰው እምቢ ይላል፤ እምቢታ ቂም ይወልዳል፤ ቂም ደግሞ የሸለቆው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ የአጎት ልጅ በሆነበት አገር ብዙ ሠርግና ብዙ ቀብር ያበላሻል። የሌለ ሰው ግን ማንንም አላስቀየመም። ስለዚህ ማንም በተገኘበት አይመረጥም። አሠራሩ ከእነ ተንኮሉ ሲታይ ብልህ ነው። ሮይማታ ብልህነቱ የታያት ግን በጣም ዘግይቶ ነው።

ቤት ስትደርስ ናይሪ ጓንቷን ፍራሽ ሥር እየወሸቀች ነበር።

"ዳኛ መጮኽ ይችላል?"

"ይችላል። 'ወጥተሻል' እያለ ይጮኻል።"

"ስሜን መጥራትስ?"

"አይችልም። ለአንዱ ወገን ማድላት ነው።"

ናይሪ ፍራሹን ለቀቀችው። ጧ አለ። "ቃል ብለሽኝ ነበር" አለች፤ መብራቱንም አጠፋች፣ እናቷ በሩ ላይ እንደቆመች።

ከጥቅምት ጀምሮ ሮይማታ ቅዳሜን ቆማ ዋለች። ወንበሩ መኪናው ኋላ፣ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ተኝቷል። ሕጉን ከባሏ ጋር በስልክ፣ ከሁያ ጋር በአጥር አሻግራ አጠናች። አብዛኛው ከባድ አይደለም። ሜዳው ላይ ቤዝ የሚባሉ ሦስት መርገጫዎች አሉ። መቺዋ ኳሱን መትታ እነሱን እየረገጠች ትሮጥና ወደተነሳችበት ስትመለስ "ቤት ገባች" ይባላል፤ ነጥብ ነው። አንድ ሕግ ግን ልጆቹን ሁሉ ያቃጥላቸዋል፦ ቤዝ ላይ የቆመች ሯጭ ኳሱ ከወርዋሪዋ እጅ ሳይለቅ እግሯን ማንሳት አትችልም። የዓይን ጥቅሻ ያህል ብትቀድም ወጣች፤ ሩጫዋ አይቆጠርም። ናይሪ ደግሞ እንኳን ቤዝ ላይ፣ ምሳ ላይም መቆየት አይሆንላትም።

ወላጆች ዳኛ አይፈሩም።

"ዳኛዋ! መነጽርሽን መድኃኒት ቤት ረሳሽው?" ይላል አንዱ ቋሊማ ከእነ ዳቦው አፉ ውስጥ እንደያዘ።

"አልረሳሁም። ለጉሮሮህ የሚሆን ሽሮፕም አለኝ፤ ሰኞ ብቅ በል።"

እየቆየች ሥራውን ቻለችበት። ይህ ለራሷም አልጣማትም፤ ሰው ያልመረጠውን ሥራ ሲችለው የሚያመልጥበት ሰበብ ያጣል። የሚያበሳጫት ናይሪ ስትመታ ነበር። ኳሱ በነፋሱ ላይ ተንሳፍፎ ከሁሉ ራስ በላይ ሲያልፍ ሁያ ዳር ላይ ስትጮኽ፣ ሮይማታ ከንፈሯን ነክሳ እንደ ግንድ ትቆማለች። ናይሪም እየሮጠች አንዴ ታያታለች። አንዴ ብቻ። ያቺ አንዷ ትበቃለች።

ማምለጫ አንድ ነበረ። በሊጉ ልማድ፣ ዋንጫውን የወሰደ ቡድን ወላጆች ለሚቀጥለው ዓመት ሥራቸውን ቀድመው ይመርጣሉ። ላለፉት ብዙ ዓመታት ዋንጫው ቀዮቹ ከሚባለው ቡድን እጅ ወጥቶ አያውቅም። የቀዮቹ ወርዋሪ የአክስት ዊኪ የልጅ ልጅ ናት። አክስት ዊኪ በየዓመቱ ቀድመው የሚመርጡት ሥራም ዋንጫውን መወልወል ነው፤ ዋንጫው ያለው ቤታቸው ስለሆነ።

መጋቢት ላይ ለዋንጫው ቀዮቹና የናይሪ ቡድን፣ ቢጫዎቹ፣ ደረሱ።

ሮይማታ አክስት ዊኪን ቋሊማ መጥበሻው ጋ አገኘቻቸው። "አክስቴ፣ ልጄ ትጫወታለች። እኔ ልዳኝ አይገባም።"

"የማን ልጅ ነው የማይጫወት? የማይጫወት ልጅ ያለው ሰው እዚህ ንፋስ ውስጥ ምን ሊሠራ ይመጣል?" ሽንኩርቱን ገለበጡት። "ቤት ጋ የሚቆም ትልቅ ዳኛ ከከተማ ይመጣል። አንቺ ቤዞቹን ብቻ ያዢ።"

"ለልጄ አደላሁ ቢሉኝስ?"

"እኔ እልሻለሁ" አሉ፤ "ሌላ ማንም አይልሽም። በይ እንቺ፣ ብዪ።"

መኪና ውስጥ ናይሪ የጫማዋን ገመድ እያጠበቀች "ካሸነፍን ምን ትመርጫለሽ?" አለች።

"ምንም። መቀመጥ። ብርቱካን አመጣለሁ፤ ቆራርጬ።"

"ትጮኺያለሽ?"

"ጣሪያ ቢኖር ጣሪያው ይነሳል።"

ናይሪ ሳቀች። ዓመቱን ሙሉ እናትና ልጅ አንድ ነገር የፈለጉት ያን ዕለት ብቻ ነበር።

ጨዋታው መጨረሻው ድረስ እኩል ነበር። እኩል ከተለያዩ ዋንጫው ካለበት አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ለቀዮቹ እኩል ማለት ማሸነፍ ነው። ቢጫዎቹ የመጨረሻ ዕድላቸውን ይዘዋል። ሁለት ወጥተውባቸዋል፤ ሦስተኛዋ ከወጣች አለቀ። ሦስተኛው ቤዝ ላይ ናይሪ ቆማለች። ቤት ከገባች ዋንጫው የእነሱ ነው። ሮይማታ ከእሷ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ጉልበቷን ይዛ አጎንብሳለች። ከሰማያዊው ወንበር የሚለያት የልጇ አንድ ሩጫ ነው።

የአክስት ዊኪ የልጅ ልጅ ክንዷን አዞረች። ሮይማታ የምታየው ሁለት ነገር ነበር፦ ኳሱ ያለበትን እጅና የልጇን እግር።

እግሩ ቀድሞ ተነሳ።

ብዙ አይደለም። ግን ኳሱ ገና ከወርዋሪዋ እጅ አልለቀቀም። ከዚያ ለቀቀ፤ መቺዋ መታችው፤ ኳሱ አቧራ እያስነሳ በሁለት ልጆች መሀል ሾለከ፤ ናይሪ በደረቷ ተንሸራታ ቤት ገባች። ቢጫ የለበሰ ሁሉ ዘለለ። ሁያ የነጥብ መዝገቧን ወደ ሰማይ ወረወረችው። አባቶች ተቃቀፉ፤ አንዱ ጠብቆ የኖረውን ቋሊማ ጣለ። ማንም አላየም። የከተማው ዳኛ የሚያየው የመቺዋን ዱላ ነበር፤ ወላጆቹ የሚያዩት ኳሱን።

የሮይማታ ክንድ ግን ሳታዝዘው ከፍ ብሎ ቆሟል።

ክንዱን ለማውረድ ጊዜ ነበራት። ኮፍያዋን ለማስተካከል ያነሳችው ልታስመስል ትችላለች፤ ነፋስ ስላለ የሚያምናት አታጣም። እጇ በእርግጥም ኮፍያዋን ነካ። ጫፉን ያዘችው። ከከተማ የመጣው ዳኛ ዞሮ አያት፤ "ቤዞቹ ደህና?" ብሎ እንደመጠየቅ አገጩን ነቀነቀ። ከጎኑ ናይሪ አቧራ እንደጠጣች፣ ጉልበቷ እንደተላጠ፣ እናቷን ታያለች። ፈገግ አላለችም። ያን ጊዜ ሮይማታ ልጅቷ ራሷ እንደምታውቅ ገባት።

እጇ ከኮፍያው ለቀቀ።

"ኳሱ ሞቷል፣ አይቆጠርም! ሯጯ ቀድማ ተነስታለች!" ከዚያም ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመችው ጩኸት አንድ ጊዜ ወጣ። "ወጥተሻል!"

ከኮረብታው ማዶ ውሻ ጮኸ።

የተባለውን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ከሁሉ የባሰው "ኧረ ይቺ እናት ናት?" የሚለው ነበር፤ እሱን ያለው ቋሊማ የጣለው ሰው ነው። ናይሪ እቤት ድረስ ኋላ ወንበር ላይ የራስ መከላከያዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ራዊሪ ከመርከቡ ደወለ፤ መስመሩ እየተቆራረጠ "ማንን? የኛዋን?" አለና ብዙ ሳቀ፤ ሮይማታም ስልኩን ዘጋችበት።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን አክስት ዊኪ ዋንጫውን አቅፈው ወደ መኪናቸው ሲሄዱ አጠገቧ ቆም ብለው ነበር።

"ቀድማ መነሳቷን እኔም አይቻለሁ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"አንቺን ልይ ብዬ ነዋ።" ዋንጫውን ወደ ሌላው ብብታቸው አዛወሩት። "እኔ ብሆን ኮፍያዬን አስተካክል ነበር።"

ክረምቱ መጣ። ናይሪ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን ጓሮ ውስጥ አሮጌ የምንጣፍ ቁራጭ አንጥፋ፣ አንድ እግሯን ተክላ፣ በግድግዳው ላይ ነጥሮ የሚመለስ ኳስ እየጠበቀች ትቆም ነበር። ዝናብ ሲሆንም። ሮይማታ በመስኮት እያየቻት "ግቢ፣ ይበርድሻል" ከማለት በቀር ምንም አላለችም።

መስከረም ሲመጣ ሮይማታ ተዘጋጅታ ነበር። ስብሰባው ላይ የገዛ ራሷን ወንበር ይዛ ገባች። ሰው ሁሉ እያያት ፕላስቲኩን ቀደደች፣ ዘረጋችው፣ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ በአፏ አልዞረም፤ መጸዳጃ ቤት እንዳያስፈልጋት።

"የኔ ልጅ" አሉ አክስት ዊኪ፣ "ጓዳ ብቅ በይና—"

"ቢፈላም ባይፈላም የራሱ ጉዳይ ነው፣ አክስቴ።"

"የመኪናሽ መብራት በርቷል አሉኝ።"

"ይብራ።"

"በሩ ላይ የሚጠራሽ ሰው አለ።"

"ይግባ።"

ሁያ መሐረቧን አፏ ውስጥ ልትከት ደረሰች። አክስት ዊኪ ግን ተስፋ የሚቆርጡ ሴት አይደሉም፤ ዓይናቸውን አሻግረው ፌሌቲ የሚባል፣ መንትዮቹን ያስመዘገበ ግዙፍ አዲስ አባት አዩና ፈኩ። ፌሌቲ ውሃውን ሊያይ ወጥቶ ሲመለስ የቋሊማ መጥበሻው ኃላፊ ሆኖ ነበር። ደስም አለው፤ ምርጫ መስሎታል።

"እሺ" አሉ አክስት ዊኪ፤ "የዳኛ ጉዳይ።"

ሮይማታ የወንበሯን ሁለት ክንዶች ጨብጣ ያዘች።

ያኔ የአዳራሹ በር ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ናይሪ ነበረች፤ ውጭ ከልጆቹ ጋር ስትጫወት የቆየች፤ አንድ እጇን በሌላው ይዛ።

"እማዬ! ነይ! ቶሎ!"

እናት የሚባለው ነገር ከሕግም ከጥንቃቄም ይፈጥናል። ሮይማታ ወንበሯን ጥላ፣ የሰው ጉልበት እየረገጠች፣ ከበሩ ወጣች። ናይሪ ፊት ፊት እየሮጠች መኪና ማቆሚያው ድረስ ወሰደቻት። እዚያ ቆመች። እጇን ዘረጋችው። ምንም አልነካውም።

"ምን ሆንሽ? የቱ ጋ ነው?"

"የትም።"

ከቆርቆሮው ውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። ረጅም፣ ሞቅ ያለ ጭብጨባ፤ መሀሉ ላይ የሁያ ሳቅ አለበት።

ሮይማታ ወደ አዳራሹ አየች። ወደ ልጇ አየች። ናይሪ እንደ ዳኛ ደረቷን ነፍታ ጡጫዋን ወደ ላይ አነሳች።

"ቀድመሽ ተነሳሽ" አለች። "ወጥተሻል።"

"አንቺ... ማን መክሮሽ ነው? አክስት ዊኪ ናቸው?"

"እኔ ነኝ የመከርኳቸው።" ናይሪ ጡጫዋን አወረደች። "ሁያ ዳኛ ብትሆን ለልጇ ታደላለች። ያ ቋሊማ የጣለው ሰውዬ ለሁሉም ያደላል። አንቺ ለማንም አታደይም። በጣም ታናድጃለሽ። ግን ዘንድሮ እኔ ቤት ስገባ፣ ገብታለች ካልሽ ማንም አፉን አይከፍትም።"

"'ስሜን ጥሪ' ስትዪኝ የነበረውስ?"

"አባዬ ፈረቃውን ቀይሯል። እሱ ይጮኻል። ወንበሩንም እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ።"

ነፋሱ የሮይማታን ፀጉር አፏ ውስጥ ከተተው፤ አወጣችው። ልትቆጣ ፈለገች፤ ግን ቁጣው ሲመጣ በመንገድ ላይ ሳቅ ቀደመውና ሁለቱም አጉል ሆነው ቀሩ። ናይሪን በጆሮዋ ይዛ ወደ አዳራሹ መለሰቻት።

ወንበሯ በነበረበት ቦታ አለ። አክስት ዊኪ ተደላድለው ተቀምጠውበታል፤ እግራቸውን አጣምረዋል፤ ክንዱ ላይ ባለው ማስቀመጫ ኩባያቸው ይጨሳል።

"ውሃው ፈልቷል" አሉ።